የመርዶ መለማመጃው ክፍል

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሕክምና ተማሪዎቹ ወደ አሮጌው ሕንፃ ወርደው ከታካሚ ጋር መነጋገር ይማራሉ። ክፍሉ ሆስፒታሉ ገና ትንሽ ሳለ የሴት ሕሙማን መኝታ ክፍል ነበር ይባላል፤ አሁን የቀሩበት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ የሶፍት ካርቶን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከውስጥ ሲያዩት መስታወት የሚመስል፣ ከወዲያ ማዶ ግን ክፍሉን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ብቻ ናቸው። ከመስኮቱ ጀርባ መምህርታቸው ዶክተር ጽጌማርያም ተቀምጠው ይከታተላሉ። ታካሚ ሆነው የሚቀርቡት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ አንድ ወቅት ድራማ የሠሩ ሴቶች፣ ሕመማቸውን ከወረቀት አጥንተው መጥተው እንደ እውነት የሚያቃስቱ።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ወንበርህን ሳብ አድርገህ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥ፤ በሽተኛው ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቅ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ከዚያ በአጭር ቃል ንገረው፤ ከነገርከው በኋላ ዝም በል። ከተማሪዎቹ አንዱ መክብብ ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ፈተናው ላይ ግን፣ የማይድን ካንሰር እንዳለባቸው ሊያረዳቸው የተሰጡት ሽማግሌ ቀና ብለው ሲያዩት፣ «ትንሽ ነገር ታይታለች፤ እግዚአብሔር ካለ ይሻልዎታል» ብሎ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክሎላቸው ወጣ።

«ይሄ ማጽናናት አይደለም፣ ሽሽት ነው» አሉት ዶክተር ጽጌማርያም። «እኛ አገር ሰው መሞቱን ሳይሰማ ነው የሚሞተው። ቤተሰብ ‹አይነገረው› ይላል፣ ሐኪሙም እሺ ይላል። ዓርብ እንደገና ትፈተናለህ፤ አሁንም ከሸሸህ ዓመቱን ትደግማለህ።»

የዶርም ጓደኛው ሙሉቀን ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ። «አንተ እኮ አንበሳ የበላውን ሰው ‹ትንሽ ተቧጭሯል› ነው የምትለው።»

ረቡዕ ማታ ቤት ደወለ። ሁልጊዜ ስልኩን የሚያነሳው አባቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የወፍጮ ጩኸት ሲያደነቁረው ስለሚውል እየጮኸ «ሐኪሙ፣ ዛሬስ ስንት ሰው አዳንክ?» ይለዋል። በዚያ ሳምንት ግን በደወለ ቁጥር የምታነሳው እናቱ ነበረች። ድምፅዋ ጎርንኗል።

«አባባስ?»

«ደክሞት ጋደም ብሏል።»

«ዛሬም?»

«ጉንፋን ነው ልጄ፤ እኔንም ይዞኛል። ፈተናህን ጨርስ፣ ከዚያ ትመጣለህ።»

ከእናቱ ድምፅ ኋላ ብዙ ሰው ባንድነት ሲያጉረመርም ይሰማው ነበር፤ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ እሷም ሳትናገር፣ መስመሩ ተቋረጠ። ማኅበር ይሆናል አለ ለራሱ፤ የምን ቀን ማኅበር እንደሆነ ግን አላሰበም።

ዶክተር ጽጌማርያም ለመለማመጃ ሐሙስን ፈቅደውለት ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ለዓርቡ ፈተና ሊያጠኑ ቤተ መጻሕፍት ስለገቡ፣ አንዲት አዲስ ተዋናይ እንደሚልኩለት፣ ሲመቻቸውም ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩት ነግረውታል። ሲወርድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ጀምሮ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ፣ የኮሪደሩ ብርሃን እንደ ቆየ የሻይ ውኃ ጠይሞ፣ ከየግድግዳው ጥግ የእርጥብ ኖራና ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ሳጥን ሽታ ይመጣል። በሩን ሲከፍተው ሴትዮዋ ቀድማው ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራለች። ከውጭ እንዲያ እየዘነበ ነጠላዋ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም፤ እሱ ግን ቀድማ መጥታ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ወንበሩን ሳበ፤ እግሩ ሲሚንቶውን ሲፍቅ የወጣው ድምፅ ባዶው ክፍል ውስጥ ረጅም ጊዜ ዞረ።

«እትዬ፣ ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነግሮዎታል?»

«ትድኛለሽ ተብያለሁ።»

ጥሩ ተዋናይ ናት አለ በልቡ፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ትንፋሹን ሰበሰበ። «የምነግርዎ ነገር ከባድ ነው። ሕመምዎ የሚድን አይደለም።»

ዝም አለ። ዝናቡም ረገብ ሲል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከራሱ በቀር የማንም ትንፋሽ እንደማይሰማ አወቀ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ… ይሞታሉ፣ እትዬ።»

ቃሉ ከአፉ በመውጣቱ ራሱ ተገረመ። ወደ መስታወቱ ዞር አለ፤ ዶክተር ከጀርባው ሆነው ሰምተውት ቢሆን ብሎ ተመኘ።

«ከዚያስ?» አለች እንደገና፣ ሳትቆጣ፣ ልጅን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው በትዕግሥት። «የሚሆነውን ሳይሆን የሆነውን ንገረኝ እንጂ።»

ይህ ከተማረው ሁሉ ውስጥ የለም። የሚለው ሲጠፋው፣ ቃል ሲያጥራችሁ እጅ ያዙ የተባለው ትዝ አለውና እጇን ያዘ። ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ወጣ። ጣቱ ከልማድ የተነሳ ወደ አንጓዋ ሄዶ የደም ሥሯን ምት ፈለገ፤ ቦታ ቀየረ፤ ጫን አለ፤ ደግሞም ፈለገ። እሷ ጣቱን እያየች ጠበቀችው። መሮጥ ፈልጎ ነበር፤ ዶክተር ሽሽት ነው ያሉት ነገር ግን ጆሮው ውስጥ ጮኸ።

«እትዬ» አለ፣ «ሞተዋል።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ፣ ከባድ ሸክም ከጀርባው ያወረዱለት ሰው የሚያሳየው ያ እርፍ ያለ ደስታ ታየ።

«ተባረክ። ልጆቼ ትድኛለሽ ብለው ሸኙኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ መዳኔን ስጠብቅ ኖርኩ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ አልተሰማም።

ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም፤ ያባነነው ኪሱ ውስጥ የነዘረው ስልክ ነው። ዶክተር ጽጌማርያም ነበሩ።

«መክብብ፣ ተዋናይዋ በዝናቡ ምክንያት መምጣት አልቻለችም። በከንቱ አትጠብቅ፣ ወደ ዶርምህ ግባ።»

«ዶክተር፣ እዚህ አንድ ሴትዮ…»

«ስማኝ ልጄ» አሉ አቋርጠው። ልጄ ብለውት አያውቁም። «እራት በልተሃል? ዛሬ ብቻህን አትደር፣ ሙሉቀንን ከጎኑ አትለይ ብዬዋለሁ። አጎትህ ደውሎልኝ ነበር።»

«ምን አለ? አባባ ባሰበት እንዴ?»

እኚያ በሰው ፊት ዓይናቸውን ሰብረው የማያውቁ ሴት፣ እሱ ራሱ ፈተና ላይ በተናገረበት ድምፅ፣ ለስልሰውና ፈጥነው፣ «ትንሽ ነገር ናት፤ እግዚአብሔር ካለ ይሻለዋል» አሉትና ዘጉ።

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ቀረ። ከኮሪደሩ በኩል የእርጥብ ኖራው ሽታ ላይ ሌላ ሽታ ተደረበ፤ ሞቅ ያለ፣ አሁን የተፈጨ እህል ሽታ። ማንም በሩን ሲከፍት አላየም። ከፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው አንዴ ሲጥ አለ።

አባቱ ቆቡን እጁ ላይ ያገላብጣል። ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል፤ ሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው ዙሪያውን ያያል።

«እናትህ አኮረፈችኝ መሰለኝ፣ ብጠራት አትሰማኝም» አለ፤ ዛሬ አልጮኸም። «ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል፤ ማን ሞቶ ነው ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ።»

መክብብ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፣ አጭርና ግልጽ።

አባቱ ግን ዱቄታም እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎለት፣ እፎይ እንዳለ ሰው ፈገግ አለና፣ «እኔማ የሞትከው አንተ መስለኸኝ እኮ ነው እየሮጥኩ የመጣሁት» አለው።