ሞምባሳ ላይ የገደልኳት ዘመድ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ እዚህ እንጅባራ፣ እኛ አሁንም ቆሰበር እያልን የምንጠራት ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ጭንቅላት ስላጭ የኖርኩ ሰው፣ እና ወዳጄ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ያልተወራ ጉድ የለም። አንዱ ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆሜ ከውሃው ውስጥ የሰርግ ዘፈን ሰማሁ ይለኛል፣ ሌላው የሞተ አጎቴ ዳንግላ ገበያ በጋሪ ሲያልፍ ሰላም አለኝ ይለኛል፣ እኔ ማሽኔን አጥፍቼ ስንተኛው መለኪያ ላይ ነው የታየህ ብዬ እስቅባቸዋለሁ። ጠንቋይ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ሕልሜን እንኳ አላስፈታም። ይሄን የሚነግርህ እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰውዬ ነው፣ ቀጥሎ የምለውን ስትሰማ እሱን አትርሳብኝ።

ሚስቴ ጥሩዓለም ትባላለች፣ የቢቸና ልጅ ናት፣ መምህርት ሆና ተመድባ መጥታ እዚሁ ያገባኋት። ሁለት ጊዜ ወለደች፣ ሁለቱም አልቀሩልንም። የመጀመሪያው ወንድ ነበር፣ ሞቶ ተወለደ፤ ሁለተኛዋ ሴት፣ ባለፈው መስከረም፣ አንዲት ሌሊት አብራን አድራ ሄደች። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ደግሞ በእኛ ዘንድ ፍትሐት የለው፣ ድንኳን አይጣልለት፣ ጥሩንባ አይነፋለት፣ ሁለት ወንዶች በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት ይወጣሉ፣ አለቀ። እናቴ፣ እግዜር ይስጣት ክፉ ሴት አይደለችም፣ ከገጠር ድረስ መጥታ አርሳታለች፣ ግን ጥሩዓለም ልታለቅስ ስትል አፏን በእጇ ያዘቻትና ለእንዲህ ያለው አይለቀስም፣ ተከታዩን ልጅ ታስቀይሚያለሽ አለቻት። እሷም ዋጠችው፣ ያን ጊዜ እኔም ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤት አልነበረም። ታስተምራለች፣ ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ አፏ ግን ተዘግቷል፣ አንድ ነገር ስጠይቃት እንደ ባዕድ አየት አድርጋኝ ታልፋለች። በጥር መጨረሻ ከሥራ ስገባ ልብሷን በሻንጣ ከትታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ወደ ቢቸና ልትሄድ። የሄደች እንደሆነ እንደማትመለስ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ አላፍርም፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውን ተረት ያወጣው ሚስቱ ጥላው ልትሄድ ያልቆመችበት ሰው ነው። ብዙ ለመንኳት፣ በመጨረሻ በአራት ወር ውስጥ ረጅሙን ንግግሯን ተናገረችኝ።

‹‹ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም አይዞሽ የማይለኝ ቦታ ውሰደኝ። ካልሆነ ልቀቀኝ።››

ያኔ ነው ሞምባሳ የመጣችው። አንድ ደንበኛዬ ልጁ ለጫጉላ ሄዶ የላከለትን ቪዲዮ አሳይቶኝ ነበር፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ከዚያ ማዶ የሌለው ውሃ። ቪዲዮውን ለምኜ ተቀብዬ ለጥሩዓለም ባሳያት፣ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመችው፣ እመነኝ፣ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። አራት ቀን ብቻ፣ ሁለታችን ብቻ። ያለንን አሟጠጥን፣ ፓስፖርት አወጣን፣ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሞምባሳ ብለን ትኬት ቆረጥን። ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍተን ማረፊያ ስንመርጥ፣ ይሄ መስኮቱ ወደ ባሕር ነው፣ ያኛው ቁርስ አለው ስንባባል፣ እሷ ሰፊ ባርኔጣ ገዝታ ስትሞክር፣ ውሃው ይሞቃል ይቀዘቅዛል ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ከጥምቀት ውሃ በቀር ምን አውቄ ስላት፣ ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር፣ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ጠራርጌ ወጣሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እዚህ አገር ባልና ሚስት ለመዝናናት ባሕር ማዶ እንሄዳለን ቢሉ ሰው ምን እንደሚል ታውቀዋለህ፣ ያውም ልጅ የሞተባቸው፣ ያውም ልጅ ያላሳደጉ፣ እናቴማ ገመድ ትታጠቅብኛለች። ስለዚህ አንድ ቀን የዕድራችን ሰብሳቢ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ፓስፖርት አወጣችሁ አሉ፣ ደኅና ነው ወይ ብለው በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩኝ፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ የጥሩዓለም የአክስት ልጅ ሞምባሳ ትኖር ነበር፣ አርፋ ለቅሶ ልንደርስ ነው አልኳቸው። ስሟን ጠየቁኝ፣ ከፊት ለፊቴ ያለውን ጭማቂ ቤት አየሁና ብርቱካን አልኩ። ነፍስ ይማር አሉ፣ እኔም አሜን ብዬ ጺማቸውን መላጨት ቀጠልኩ። እንዲህ ቀላል ነው ለካ ሰው መግደል ብዬ በሆዴ ስቄያለሁ።

ለካ የረሳሁት ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ሞተ ያልከው ሰው ነፍስ ይማር ተብሎ አይታለፍም፣ ሟች የትም ይሁን የት፣ ዘመድ እዚህ ካለ እዚህ ይለቀሳል። በማግስቱ ንጋት ላይ ከሰፈራችን ጥግ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ፣ የማን ይሆን እያልኩ በጋቢ ተጠቅልዬ ስወጣ፣ ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶ የሚተክሉት እኔው ደጅ ላይ ነው! እናቴም ሰብሳቢው ማታውኑ አስልከውባት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሳለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ብርቱካኔ እያለች ደረቷን እየደቃች፣ ያላየቻትን፣ ያልተወለደችውን ብርቱካን። ውሸት ነው ብዬ ልጮህ አልኩ፣ እሷን ሳይ ግን ዋጥኩት። ጥሩዓለም በር ላይ ቆማ ድንኳኑ ሲወጠር ታያለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

‹‹ለሌለች ሴት ድንኳን አገኘንላት›› አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ገባ ወጣ፣ እዝን መጣ፣ ፎቶዋን አምጡ ሲሉን ስልኬ ውስጥ ነው፣ ስልኬ ተበላሽቷል አልኩ። እኩለ ቀን ላይ ነው፣ የካቲት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ዝናብ ካየን ወር አልፎናል፣ ይሄን ልብ በልልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴትዮ የቀርቀሃ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየሁ። ስትገባ አላየኋትም። ረጅም ናት፣ ዕድሜዋ አይገመትም፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች፣ እና የቀሚሷ ጫፍ ርጥብ ነው። በመጀመሪያ ወንዝ ተሻግራ መጥታ ይሆናል ብዬ ተውኩት፣ ቆይቼ ሳይ ግን እዚያው እንዳለ ይንጠባጠባል፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በዚያ ሙቀት አይደርቅም። ከወዲያ ደግሞ አንድ ድምፅ ይሰማኛል፣ ከጓሯችን ያለው ቀርቀሃ ሲንሿሿ የሚያሰማው ዓይነት፣ ይመጣል፣ ይሸሻል፣ ይመጣል፣ ይሸሻል፣ ወጥቼ ባየው ቀርቀሃው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠል አይነቃነቅም።

ከዚያ ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። አልቃሽ ናት፣ ወዲያው ያስታውቃል፣ የተቀመጠው ሁሉ ዝም አለላት። የምታለቅሰው በአገውኛ ነው፣ የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ እኔ አንድም አላመለጠኝ። ብርቱካን የሚል ስም ካፏ አልወጣም። ይታያል ትላለች፣ ማራኪ ትላለች፣ ሁለት ስም እየደጋገመች፣ እኔ በልቤ የማንን ለቅሶ ከማን ለቅሶ ቀላቀለችው እላለሁ። ይታያል እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል፣ ማራኪ በጭብጧ አሸዋ ትሰፍራለች፣ ማዶ ከሌለው ውሃ ዳር ናቸው፣ ነጠላ እንጂ ድንኳን አላገኙም፣ እናታቸው እስክትመጣ አይበሉም አይጠጡም፣ እንዲህ ነው የምትለው። ከኋላዬ የሆነ ጩኸት ስሰማ ዞርኩ፣ ጥሩዓለም ናት። ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ የዋጠችው በሙሉ ነው የወጣው፣ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ፊቷን ነጨች፣ ሴቶቹ መያዝ አቃታቸው። እናቴ እንኳ ለአክስት ልጅ እንዲህ የምታለቅስ አይቼ አላውቅም እያለች ታነባ ነበር።

ጥሩዓለምን ውሃ አጠጥተን ስናረጋጋ ሴትዮዋ ተነስታ ስትወጣ በጀርባዋ አየኋት። እህል ሳትቀምስ እንዳትሄድ ብዬ ተከትዬ ሮጥኩ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ሦስት ባጃጅ ቆሟል፣ ሹፌሮቹ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፣ አሁን የወጣችው ሴትዮ በየት ሄደች ብላቸው አንዳቸውም ያየ የለም፣ ማንም አልወጣም አሉኝ። ተመልሼ እናቴን ያቺ አልቃሽ የእናንተ አገር ሰው ናት አይደል ብላት፣ እኔ የሚስትህ ወገን መስላኝ፣ አገውኛዋ ግን የድሮ ነው፣ አያቶቻችን የሚናገሩት ዓይነት አለችኝ። ሄጄ ወንበሩን አየሁት፣ ሥሩ ያለው አፈር ርሷል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፣ በጣቴ ነካሁና ምላሴ ላይ አደረግኩት። ጨው ነው። ወዳጄ፣ በእመብርሃን፣ ጨው ነው፣ አፌ ውስጥ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ይሄ ሁሉ ከአእምሮዬ ይወጣል ብዬ ነበር። የማይወጣው በዚያው ምሽት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጥሩዓለም የነገረችኝ ነው። ይታያል እና ማራኪ ልጆቻችን ናቸው አለችኝ። ማንም ስም ሳያወጣላቸው በሆዷ እሷ አውጥታላቸው፣ ለእኔም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ለማንም ሳትተነፍስ የያዘቻቸው ስሞች ናቸው። ከዚያ ደግሞ ሴትዮዋ ያለችውን ሁሉ፣ እግሩን መንከሩን፣ አሸዋ መስፈሯን፣ ቃል በቃል ደገመችልኝ። አንቺ እኮ አገውኛ አትሰሚም አልኳት። ምን አገውኛ አመጣህ፣ ጥርት ባለ አማርኛ አይደል ያለቀሰችው አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴ ደስተኛ ናት። አትሳቅብኝ፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ትዘፍናለች፣ ታወራኛለች፣ ትጎርሳለች፣ ታጎርሰኛለች፣ እንደ ድሮው ሌሊት ክንዴ ላይ ትተኛለች፣ የለመንኩት ሁሉ ሆነልኝ። ግን ጋቢዋን ለጎረቤት ሰጠች፣ የክረምት ጫማዋን ሰጠች፣ የተማሪዎቹን ደብተር አርማ ጨርሳ አስረከበች፣ ለምን ስላት እዚያ ሙቀት ነው ምን ያደርግልኛል ትለኛለች፣ አራት ቀን ነው እኮ የምንሄደው ስላት ፈገግ ትላለች። መነኩሴ ጋ ይዣት ልሂድ አልኩ፣ እሺ ብላ ሄደች፣ ጠበሏን ተጠመቀች፣ ወጥታ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ቀጠለች።

አንድ ቀን ቆርጬ ተነሳሁና ጉዞው ቀርቷል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ በስሟ ስጠራት የምትሰማኝ አትመስልም። በሦስተኛው ቀን ማታ እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል፣ ኧረ እንሄዳለን፣ እንሄዳለን ጥሩዬ አልኳት፣ ተነስታ ቁጭ አለችና ራበኝ አለች። ንገረኝ እስቲ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ባስቀራት እዚሁ ዓይኔ እያየ ትሞትብኛለች፣ ብወስዳት የምወስዳት ወዴት እንደሆነ አላውቅም። እናቴን እውነቱን ልነግራት ሄጄ፣ ለብርቱካን ሻማ ስታበራ አገኘኋትና ተመለስኩ።

በረራችን ሐሙስ ነው። ትናንት ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፣ የእኔን ሸሚዞች አንድ በአንድ አስተካክላ በሌላ ሻንጣ፣ ለብቻ፣ ከተተቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ዳቦ ግዛ እንደምትለኝ ባለ ድምፅ፣ ‹‹መመለሻውን ለብቻህ ታውቀዋለህ አይደል?›› አለችኝ።

አውቀዋለሁ አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?