ሽፋኑን ትቶ የሄደው ኪታብ

ከሚሴ ውስጥ ዕቃ የጠፋበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ሩመይሳ ዘንድ ጎራ ይል ነበር። ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ታውሳለች፣ ትመዘግባለች፤ ጠራጊዋ ስትቀርም ትጠርጋለች። ዓይኗን ግን ነገር አያመልጠውም። ከባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ የልብን ሥዕል ቀዶ የወሰደውን ተማሪ፣ ገጾቹ መሐል በቀረች አንዲት የጫት ቅጠል ተነሥታ በሦስተኛው ቀን ደርሳበታለች። ልጁ ሥዕሉን ለሚወዳት ልጅ ልኮላት ኖሯል። ሩመይሳ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ማረችው። ፍቅር ሰውን እንዴት እንደሚያጃጅል በሃያ ስድስት ዓመቷ በሌላው እንጂ በራሷ ላይ አላየችም ነበር።

ሙህዲን የመጣው በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር ነው። የሰንበቴ ልጅ ነው። አባቱ በገበያው ቆዳ ይነግዳሉ፤ እሱ ደግሞ ያረጀ ኪታብ መደጎስ፣ ማለትም የተበተነውን ቅጠል ሰፍቶ በቆዳ መሸፈን፣ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ተምሯል። የተጠራው ለሩመይሳ አያት ኪታብ ነበር። አያቷ በሸንበቆ ብዕር፣ በዐረብ ፊደል፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ የጻፉት መንዙማ ነው። ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

አባቷ ሸኽ ሸምሱ ኪታቡን ለመስጠት ወር ሙሉ አንገራገሩ። በመጨረሻ እሺ ሲሉም ቃል አስገቧት።

«ከዓይንሽ እንዳይርቅ። ሥራውም እዚያው፣ አንቺ ባለሽበት ይሠራ።»

ስለዚህ ሙህዲን በየማክሰኞውና በየሐሙሱ በሚኒባስ እየመጣ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ጥግ ይዞ ይሠራ ጀመር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ተማሪዎቹ ያነባሉ፤ እሱ ክሩን በሰም ያሻል። ዝም ማለት ያውቅበታል። ሩመይሳ የመዘገበችውን መጽሐፍ ደግማ መመዝገቧ ሲገባት ታፍር ነበር። ከሰዓት በኋላው መርዘሙ፣ ደግሞም ማጠሩ! እንዴት እንደሚያልፍ ሳታውቀው የዐስር ሶላት ይደርሳል።

የሁለት ሳምንት ሥራ ወር ሞላው፤ ወሩም ሁለተኛውን ወለደ። ምንም ነገር የማያመልጣት ሴት ይህን ብቻ ለመመርመር አልቸኮለችም።

«ይኼን ስፌት ማክሰኞ ጨርሰኸው አልነበረም?» አለችው አንድ ሐሙስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጨርሼው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ፈታሁት።»

«ተበላሽቶ ነው?»

ሙህዲን ቀና አለ። ዓይኖቹ ዓይኖቿ ላይ ትንሽ ቆዩና ወደ ክሩ ተመለሱ።

«ካለቀ በምን ሰበብ እመጣለሁ?» አላት።

ሩመይሳ መዝገቡን ገለጠች፣ ከደነችው፣ ደግማ ገለጠችው። ልቧ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ እንደ ሕፃን ይቦርቅ ነበር። ወደደችው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ ሙህዲን ሽማግሌ ላከ። ሸኽ ሸምሱ ሦስቱን ሰዎች በክብር ተቀበሉ፤ «ኪታቡ ተደጉሶ እጄ ይግባ፤ ያን ጊዜ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን» ብለውም ሸኙ። አጥር ተጋርታቸው የምትኖረው እህታቸው አሻ ጓዳ ሆና ሰምታ፣ ሩመይሳን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እንቢ አላለም። ወንድሜ እንቢ ካላለ እሺ ብሏል ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሙህዲን ለመዘግየት ምክንያት አልነበረውም። በመስከረም ሁለተኛ ሐሙስ አዲሱን ቀይ ሽፋን ጨርሶ ይዞ መጣ። ያን ሁሉ የውሸት ስፌት ፈታ፤ ለመጨረሻው ስፌት ቅጠሎቹን በየተራቸው ደርድሮ፣ እርጥበት እንዳያገኛቸው በነጭ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። ሩመይሳም ውስጠኛው ክፍል ገብታ ሰገደች።

ሁለቱም ሲመለሱ ሽፋኑ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ምስማሩ ግን ባዶ ነው።

መደርደሪያውን ገፉ፤ ወንበር ገለበጡ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ያሉት አንድ ነው። ከሸኽ ሸምሱ በቀር ማንም አልገባም። ሸኽ ሸምሱን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? እሳቸው በየሐሙሱ ይመጣሉ። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት አይረገጥም፣ ከቆሻሻ ጋር አይጣልምና፣ ሰዉ የተቀዳደደ የቁርዓን ቅጠል ሁሉ ለልጃቸው ያደርስላታል፤ እሷ በከረጢት ትሰበስባለች፣ እሳቸው ይወስዳሉ። ረመዳን ሳይገባም ከሚያስተምሯቸው ደረሶች ጋር ወጥተው ከጨፋ ሸለቆ በላይ ካለው የድንጋይ ዋሻ ውስጥ ያኖሩታል። ያን ቀንም ልጃቸው ስትሰግድ አግኝተው ሳያውኳት ከረጢታቸውን ይዘው ወጥተዋል። ደግሞስ የአባታቸውን የእጅ ጽሑፍ ከመቶ ሰው ጽሑፍ የሚለዩ ሰው ናቸው።

ወሬው ቤት ሲደርስ ሸኽ ሸምሱ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ኪታቡ በደጓሹ እጅ ነበር፤ ከደጓሹ እጅ ጠፋ» አሉ። «የድሮ ኪታብ የሚገዙ ሰዎች ሰንበቴ ድረስ እንደሚመጡ የማያውቅ የለም። ልጄን ለሌባ አልሰጥም። ሽማግሌዎቹም አይመለሱ።»

ሙህዲን አልተከራከረም። «እጄ ላይ ነበር፤ ልክ ናቸው» ብሎ መርፌና ክሩን ሰበሰበ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አያት፤ ሩመይሳ ያን አስተያየት ለሳምንት ያህል ከዓይኗ ልታጠፋው አልቻለችም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሩመይሳ እንባዋን ጠርጋ ማሰብ ጀመረች። ሌባ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑን ለምን ይተወዋል? የኪታብ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቆዳውን ነው። ሙህዲን ራሱ ቢሰርቅ ደግሞ ሁለት ወር የለፋበትን ትቶ አይሄድም። ቅጠሉን ብቻ የሚፈልግ ሰው ማነው?

መልሱ የመጣው ካላሰበችበት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ አባቷ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ሌላ ኪታብ ዘርግተው ያነባሉ፤ እሷ አጠገባቸው ልብስ ታጥፋለች። ነፋሱ ደስ ይላል፤ ድምፃቸውም እንደዚያው። ገጹን ሲገልጡ ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ገለበጡ። ንባቡ ግን አልዘለለም። ቃል ሳይጎድል ቀጠለ።

ሩመይሳ እጇ ላይ ያለውን ልብስ ለቀቀችው። አባቷ አያነቡም። በቃላቸው ነው የሚሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን እንደከፈተች ጠረጴዛዋ ሥር ጎንበስ አለች። የተቀዳደዱት ወረቀቶች ከረጢት እዚያው ነበር፤ ሙህዲን የራሱን ለመስቀል ሁልጊዜ ከሚሰቀልበት ምስማር አውርዶ አስቀምጦታል፤ እንደ ሞላም ነው። አባቷ ሐሙስ ዕለት ወስደው የሄዱት እንግዲህ ሌላውን ነው። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው ምስማሩን ያውቃል።

ረመዳን ስለቀረበ ሰሞኑን ወደ ዋሻው ወጥተው ነበር፤ የገዛ አባታቸውን ኪታብ ወስደው እዚያ አኑረውታል። ሩመይሳ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለሙህዲን ስም ብላ ደስ አላት፤ ለአባቷ ብላ ደግሞ ልቧ ተሰበረ።

በሰንበቴ ገበያ ቀን አሻን አስከትላ ሙህዲንን ፈልጋ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። 

«ለማንም አትንገሪ» አላት።

«ሌባ እየተባልክ?»

«እኔ ወጣት ነኝ ሩመይሳ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እሳቸው ግን ደረሶቻቸው ዓይናቸው እንደጠፋ ቢሰሙስ? የደበቁት ከብዷቸው ነው። እኔ ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ ገመናቸውን አላወጣም።»

«እኔንስ ብታጣኝ?»

ሙህዲን ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ እሷም ዓለምን ቢሰጧት ከዚህ ሰው በቀር ሌላ እንደማታገባ ያን ጊዜ ለራሷ ማለች።

«ወሬውን ተዉትና ኪታቡን እናውጣ» አለች አሻ። «አይጥ ሽማግሌ አትጠብቅም።»

በማግሥቱ ሦስቱ ተያይዘው ወደ ዋሻው ወጡ። ከሥራቸው ጨፋ ተዘርግቷል፤ ማሽላው ራሱን ማውጣት ጀምሯል፣ የቦርከና ወንዝ በጭጋጉ ውስጥ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። አሻ ከኋላ እያለከለከች ሆን ብላ ትዘገያለች። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሩመይሳ መንገዱ እንዳያልቅ ተመኘች። ነጩ ከረጢት ከዋሻው አፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ነበር። ሙህዲን ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ።

«አልሐምዱ ሊላህ። አንድም አልጎደለም።»

ሙህዲን በአሻ ቤት ተቀምጦ በአንድ ረፋድ ሰፍቶ፣ ሸፍኖ ጨረሰው። አሻ አፏን ይዛ ታየው ነበር።

«ወይ ጉድ! ሁለት ወር የፈጀው ይኼ ነው?»

ሙህዲን ኪታቡን ለሩመይሳ ሲያቀብል፣ «ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ ተገኘ በያቸው» አለ።

አባቷ በረንዳው ላይ ነበሩ። ኪታቡን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ሽፋኑን ዳሰሱት፣ ገለጡት፣ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አስኬዱ። 

«የት ተገኘ?»

ሩመይሳ የተነገራትን ለማለት አፏን ከፈተች። በዕድሜዋ አባቷን ዋሽታ አታውቅም፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ዝም አለች። 

«ኢና ሊላሂ» አሉ ሸኽ ሸምሱ፣ በለሆሳስ። «ልጄ፣ ምስማሩ ላይ ነበር?»

«አዎ አባ።»

«ያባቴን የእጅ ጽሑፍ በገዛ እጄ ዋሻ ከተትኩት።» ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ቆይተው፣ «ልጁ ያውቃል?» አሉ።

«ያውቃል።»

«ምን አለ?»

«ለማንም አትንገሪ አለኝ።»

ሸኽ ሸምሱ ኪታቡን ደረታቸው ላይ አቅፈው እስከ መግሪብ ሶላት ተቀመጡ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «ምሪኝ» አሉ። ሩመይሳ እጃቸውን ያዘች። በከሚሴ ዋና መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደረሶቻቸው ከሱቅ ደጃፍ ብድግ ብለው እያዩ፣ እየመራች ወደ ሚኒባሱ ወሰደቻቸው። «ዓይንዎን ምን ነካው ሸኽ?» ላላቸው ሁሉ «ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው» ይሉ ነበር።

ሰንበቴ፣ በሙህዲን አባት ግቢ፣ ሙህዲን ሮጦ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የሴት አባት ወደ ወንድ ቤት በእግሩ ሲመጣ ማን አይቶ ያውቃል?

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» አሉ ሸኽ ሸምሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ኪታቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሌባ ያልኩህ ደግሞ ይኸው አፌ ነው። አፉ ብለኸኝ ልጄን ትቀበለኛለህ?»

ሙህዲን ሩመይሳን አያት። እሷ የአባቷን እጅ እንደያዘች በእንባዋ ውስጥ ፈገግ አለችለት።

«አፉ ብያለሁ አባ። እሺ፤ አንድ ሺህ ጊዜ እሺ።»

«እንግዲያው መጥተህ ይኼኛውን እጄን ያዝና አስቀምጠኝ» አሉ ሸኽ ሸምሱ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማቸው። «ወንበሩ የት እንዳለ አይታየኝም።»