አላባማ በጀፕስታውን

የመምህር ይገዙ አስከሬን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኑ ተከድኗል፤ ብርድ ልብሱ እስከ ደረቱ ተስቧል። ተቋርጦ የነበረው መብራት ስለተመለሰ የኦክስጅን ማሽኑ አልጋው ሥር እያጓራ ለማይተነፍስ አፍንጫ አየር ይልካል።

እማማ ኤርጎጌ ሁለት ጭምብል ደርበው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ በዚህም አፍረው አያውቁም። «የተማረ ወረቀት ያያል፣ እኔ ሰው አያለሁ» ይላሉ። ስደተኛ በሚበዛበት በጀፕስታውን ሰፈር፣ በዚህ ያረጀ ፎቅ የጠፋ ዕቃም ሆነ የተካደ ቃል መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነው።

«አጥፊልኝ ይህን ማሽን» አሉ። «ጆሮዬን በላው።»

ዶክተር ኤልሳቤት አጠፋችው። ጸጥታው ከጩኸቱ ከፋ።

ሁለተኛው የኮሮና ዓመት፣ የሰኔ ብርድ ነው። መምህሩ በሽታው ሳንባውን ከነካው ወዲህ ያለ ኦክስጅን አያድርም። መብራት በፈረቃ ሲጠፋ ግን ችግር አልነበረም፤ አልጋው አጠገብ ሙሉ ሲሊንደር ቆሟል፣ የብረት መክፈቻውም ትራሱ ሥር ይቀመጣል። እጁን ዘርግቶ ራሱ ይከፍተዋል። ዛሬ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መብራት ጠፋ። ሲሊንደሩ ሳይነካ ቀረ። መክፈቻው የተገኘው ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ላይ ነው።

«ነገሩ ግልጽ አይደል እንዴ!» የእድሩ ምክትል ሊቀመንበር አየነው ኮሪደሩ ላይ ይጮሃል። «ልጅቷ መክፈቻውን ጥላው ሄደች፣ ሰውዬው ታፍኖ ሞተ! ፖሊስ ልጥራ ነው የምለው!»

ልጅቷ አስታማሚዋ ራዚያ ናት። ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የጥገኝነት ወረቀቷ ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ ቢሮው በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ማደስ አልቻለችም። ፖሊስ ከመጣ ከሬሳው በፊት የምትጫነው እሷ ናት።

«አየነው፣ ጉሮሮህን ቆጥብ» አሉ እማማ ኤርጎጌ። «ሬሳ ጫኚዎቹ እስኪደርሱ አንድ ሰዓት አለኝ። ነገሩን ለእኔ ተውልኝ።»

ወደ ውስጥ ገብተው ብርድ ልብሱን ገለጡ። የመምህሩ ሁለት እጆች ሆዱ ላይ ተገናኝተዋል፤ አውራ ጣቶቹ በፋሻ ቁራጭ ታስረዋል። የእግሩም እንደዚያው። ማሰሪያው ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተውጧል፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ጭራ የለውም። አሮጊቷ ብዙ አዩት።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«አይ እማማ፤ ስመጣ እንደዚህ ነበር። ራዚያ ያሰረችው መስሎኝ ዝም አልኩ» አለች ኤልሳቤት።

«ሐኪም ስትሆኚ ይመስለኛል ማለት አይከለከልም?»

ኤልሳቤት ፊቷ ቀላ። ስምንት ዓመት እድሩን በሊቀመንበርነት ስትመራ እንደዚህ የሚናገራት ሰው አንድ ብቻ ነበር።

እማማ ኤርጎጌ ራዚያን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አምስት ሰዓት። መድኃኒት ልገዛ ሂልብሮው ሄድኩ፣ ሰልፉ ረዘመብኝ። ቆልፌው የሄድኩትን በር ዘጠኝ ሰዓት ስከፍት... ከበሩ ሆኜ ፊታቸውን አየሁና ጮህኩ።»

«አልጋው ጋ ደረስሽ?»

«ወላሂ አልደረስኩም! እርስዎ ወዲያው ከች አሉ።»

«አዎ፣ ደግመሽ ሳትጮኺ ነው የደረስኩት። ለመሆኑ በእናንተ ዘንድ የሞተ ሰው እጁ እንዴት ይደረጋል?»

«በጎኑ ይዘረጋል እንጂ። ምነው?»

«ምንም። ውኃ ጠጪ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ለእማማ ኤርጎጌ ደውሎላቸው ነበር። ከእሳቸው በስምንት ዓመት ያንሳልና አንተ ነበር የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የአሜሪካን ምርጫ ታሪክ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሳቁ ውስጥ መርዝ ነበረበት። «እማማ፣ ያቺ የነገርኩዎት አላባማ እኛ ቤት ገብታለች። ማታ ይምጡ፣ አሳይዎታለሁ» አላቸው።

ትራሱን አነሱት። ከሥሩ የእድሩ ምርጫ ወረቀት ወጣ። በኮሮና ምክንያት ስብሰባ ስለተከለከለ ዘንድሮ ወረቀቱ ከነገ ጀምሮ በየቤቱ ሊታደል ነበር። መምህሩ የአስመራጭ ኮሚቴው አባል ነበር።

«ኤልሳቤት፣ ይኸውልሽ ጃንጥላ፤ የአንቺ ምልክት ነው። ከጎኑ የማን ስም ተጽፏል?»

ዶክተሯ አነበበች። ደግማ አነበበች። ወረቀቱን ገለበጠችው።

«አየነው ይላል» አለች ድምጿ ወርዶ። «የእኔ ስም... የለም። የትም የለም።»

«አይ ይገዙ» አሉ አሮጊቷ ወደ አልጋው ዞረው። «ይህንን ነበር እንዴ የያዝከው።»

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። የመምህሩ ቤት ቁልፍ ከራዚያ ሌላ በሁለት ሰው እጅ ነበር፤ እድሩ ብቻቸውን እየኖሩ የታመሙ ሰዎችን ቁልፍ ለአየነውና ለጸሐፊው ለሽጉጤ ሰጥቶ ምግብ ያደርሱ ነበር።

«አየነው፣ የት ዋልክ?»

«ከከተማ ወጥቼ ቴምቢሳ! ለሱቆቹ ዕቃ ሳራግፍ ነው የዋልኩት፣ ሃያ ሰው ይመሰክራል። እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ሆድህን ማን ነካው? ጠየቅኩ እንጂ። አንተስ ሽጉጤ?»

ሽጉጤ ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ። ዝምተኛ፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ከዚያ በላይ ግን የሚታወቀው በእድሩ ገናዥነቱ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የወገኑን ሬሳ አጥቦ ገንዟል። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሬሳ በላስቲክ ታሽጎ ስለሚወሰድ እጁ ሥራ ፈትቷል።

«ሱቄ ነኝ እማማ። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰዓትም ሰባትም ሳላርፍ ኮፒ ሳደርግ ነው የዋልኩት።»

«በርታ ልጄ። ለቅሶው ላይ ታግዘኛለህ።»

አራቱንም ሳሎን ሰበሰቡ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ብርዱ አጥንት ይበሳል። እማማ ኤርጎጌ የመምህሩን ወረቀቶች ለሁለት ከፍለው አንዱን ለአየነው፣ አንዱን ለሽጉጤ አቀበሉ፤ ከመምህሩ የፋሻ ጥቅልም ቀደው ሰጧቸው።

«አገር ቤት ላለው ልጁ ስለሚላክ እሰሩልኝ። የእኔ ጣት ደንዝዟል። የአባቱ ንብረት ነው፣ አጥብቁት።»

አየነው እንደ ጆንያ አፍ ጠመዘዘው። ሽጉጤ ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ ምንም ሳያስብ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞረና ጫፉን ወደ ውስጥ አስዋጠው።

አሮጊቷ እሽጉን ተቀብለው ዳሰሱት።

«አሁን ስሙኝ። አላባማ የሚባል አገር አሜሪካ ውስጥ አለ። እኔ አላነበብኩትም፤ ይገዙ ነው የነገረኝ። እንደ እነሱ አቆጣጠር በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ለምርጫ ቀረበ። አላባማ ላይ ግን ስሙ ወረቀቱ ላይ አልነበረም! ፓርቲውን የሚመሩት ሰዎች አውጥተውታል። የፓርቲው ምልክት አውራ ዶሮ ነበር፤ ዶሮውን ለሌላ ሰው ሰጡት። እንደ እኔ ያለው ማንበብ የማይችል ሰው ዶሮውን አይቶ ምልክት አደረገ፤ ግዛቲቱም ለዚያ ለሌላው ሰው ሄደች። ‹ድምፅ ለመስረቅ ሳጥን መስበር አያስፈልግም› ይለኝ ነበር ይገዙ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ይኸው ጃንጥላው። ግማሹ የእድራችን ሰው ፊደል አያውቅም፤ ኤልሳቤትን እየመረጥኩ ነው ብሎ አንተን ሊመርጥልህ ነበር፣ አየነው።»

«እኔ... ምርጫ ነው እንጂ ሰው መግደል...» አየነው ተንተባተበ።

«አልገደልክም። ሌባ ነህ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለህም፤ ይህንን ቁጭ ብለህ ስማ። ይገዙ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ነበር፤ አናግሮኛል። መብራት ስድስት ሰዓት ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ራዚያ ከበሩ ሳታልፍ ጮኸች፣ ከጩኸቷ ጋር እኔ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ እስክትመጣ አልጋው ጋ የደረሰ የለም፤ እሷም አላሰረችም። ታዲያ ጣቶቹ የታሰሩት በሩ ተቆልፎ ሳለ ነው። የሞተ ሰው ያየ ሰው ኡኡ ይላል። ይህኛው ግን ዓይኑን ከደነ፣ ጣቱን አሰረ፣ ዝም ብሎ ቆልፎ ወጣ። ለምን? መሞቱን ማንም ሳይነግረው የሚያውቅ ስለሆነ። ራዚያ እንዳትሆን፣ በሃይማኖቷ እጅ በጎን ነው የሚዘረጋው።»

ሽጉጤ መሬት መሬት ያያል።

«ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ ኮፒ ሳደርግ ነበር አልከኝ። የአንተ ሱቅ ከዚህ ፎቅ ሥር ነው፤ በምን መብራት? ይህ ብቻ ቢሆን እተውህ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ልጄን ገድለውብኝ አንተ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ስታስተኛው፣ ጣቱን ስታስር ዓይኔን ከእጅህ አልነቀልኩም። ሦስት ዙር፣ ጫፉ የተዋጠ። ‹ጭራ ከቀረ ነፍሱን ይጎትታል› አልከኝ። ይህ የእጅህ ፊርማ ነው። አሁንም ፈረምክልኝ።»

የታሰሩትን ወረቀቶች ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

ሽጉጤ ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ ሽጉጤ በመጨረሻ፤ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ያተምኩት እኔ ነኝ። አየነው ነው ያዘዘኝ፤ እሺ አልኩ። ጋሽ ይገዙ ወረቀቱን አይተው ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አሉኝ። ለምኜ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። እጃቸውን ወደ ትራሱ ሲዘረጉ መክፈቻውን ቀድሜ አነሳሁት። ‹አልናገርም ይበሉኝ፣ አሁኑኑ እከፍትልዎታለሁ› አልኳቸው። አንዲት ቃል ብቻ እማማ! አሻፈረኝ አሉ። ዓይን ዓይኔን እያዩኝ... እስከ መጨረሻው አላሉኝም።»

«አንተስ አልከፈትክም።»

«አልከፈትኩም። መክፈቻውን በኋላ ወጥ ቤት አኖርኩት።»

«ከዚያ ገነዝከው።»

«እንደዚያ ሆነው ትቻቸው መሄድ እንዴት ይቻለኛል?» ሲል ዶክተሯ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እማማ ኤርጎጌ ብዙ አዩት። የልጃቸውን ዓይን የከደነው እጅ ይኸው ነው። ሊተፉበት ፈልገው ነበር፤ ተዉት።

«አየነው» አሉ። «ፖሊስ ልጥራ ስትል አልነበር? ጥራ። የገዳዩን ስም በትክክል ንገር። ወረቀቱን ማን እንዳዘዘ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አየነው ስልኩን ሁለት ጊዜ ጣለው።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ሳሎኑ ውስጥ የሚላወስ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ያን ጊዜ ራዚያ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንም ሳይልካት ሄዳ በሩን በሰፊው ከፈተችላቸው።