እጅ የለመደው በር

ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን ከኋላ በብረት ተመትቷል፤ በሩ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ጣጣው የመጣው ከዚህ በር ነው።

በሩ አመለኛ ነበር። እጀታውን ሽቅብ አንስተው፣ ከሥር በጉልበት ገፍተው፣ ወደ ግራ ካላዞሩት አይከፈትም። ሲዘጋም ብልሃቱን ለማያውቅ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ብልሃቱን የሚያውቀው ሠራተኛ የዚያን ቀን ደንበኛ ቤት የግድግዳ ሰዓት ሲሰቅል ነው የዋለው። ስለዚህ ጣት ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

«እኔ አንኳኩቼ ነው የምገባው፤ የሚከፍትልኝ እሱ ነው» ብትል ማን ይስማት። የመታሰሪያዋ ወረቀት ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ታናሽ እህቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ ሳትለይ «አይዞሽ እትዬ፣ እኔ አለሁልሽ» ስትላት ሰነበተች።

በአራተኛው ቀን፣ ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ሚስቲቱን፣ እህቷንና ሠራተኛውን ሱቁ ደጃፍ ሰበሰባቸው። መጀመሪያ ሚስቲቱን ክፈቺ አላት። ታግላ ታግላ አቃታት። ፖሊሶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አውቃ ነው ብለዋል ማለት ነው።

መርማሪው ወደ እህትየው ዞረ። «አንቺስ እዚህ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ደጁንም ረግጬው አላውቅ።»

«ይሁን። እህትሽ ደከማት፤ እስቲ ከውስጥ ወንበር አምጪላት። ለመሆኑ እንቅልፍ ይወስዳታል?»

«የት ወስዷት። ስትገላበጥ ነው የምታነጋው፣ እህልም አልቀመሰች...» እያወራች እጀታውን አነሳች፣ በጉልበቷ ገፋች፣ ወደ ግራ አዞረች። በሩ ተከፈተ።

«እንዴት ከፈትሽው?»

«እንዴት ማለት?» ቆም ብላ አሰበች። «ገፋሁት መሰለኝ።»

«እኔን ጋሼ እያሳዩኝ እንኳ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል» አለ ሠራተኛው፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

«አፍሽ አያውቀውም፤ እጅና ጉልበትሽ ግን ያውቁታል» አለ መርማሪው። «ስትገቢ ስትወጪ ሳይታወቅሽ ነው የለመድሽው። እንዲህ ያለው ነገር የወራት ምልልስ ይፈልጋል። እህትሽ አልቻለችም፤ አለመቻልን ማስመሰል ይቻላል እንበል። ሳያውቁ መቻልን ግን ማንም አያስመስልም። ገዳዩ በሩን አሳምሮ ዘግቶ ነው የሄደው። ሠራተኛው እዚህ አልነበረም። ረግጬው አላውቅም ብለሽ የዋሸሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

እህትየው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ወዳጅነታችንን ዛሬውኑ እነግራታለሁ አለኝ። ብለምነው እምቢ አለ። እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ሚስቲቱ ነፃ ወጥታለች፤ ደስታው ግን አጠገቧም አልደረሰ። ይህችን ልጅ አዝላ ነው ያሳደገቻት።

«እንዳልሰማ ብለሽ እሱን ገደልሽ» አለች። «እኔ ስታሰርስ? መጥተሽ ትጠይቂኝ ነበር?»

«በየሳምንቱ እመጣልሽ ነበር፣ እትዬ» አለች እህትየው፤ እውነቷን ነበር።