ከምረቃው በኋላ ንገረው

የቴአትር ቤቱ ሰዎች «መርማሪ» ይሏታል። ጥያቄ አያልቅባትማ! መጋረጃ ሳቢውን ገመዱ ለምን እንደሚጮህ፣ ዊግ ሠሪዋን ፀጉሩ የማን እንደነበር ትጠይቃለች። አዘጋጁ ጋሼ ሲበዛባቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ለትወና ነው ወይስ ለምርመራ የተቀጠርሽው?» ይሏታል።

ሸምበቆንም ያገኘችው በጥያቄ ነው። ለትልቁ ትራጄዲ ተዋንያን በሚመረጡበት ዕለት ጠዋት፣ የጀርባው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ ደረሰችበት። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሰዎች ብዙ አልደከሙም።

«ቁርስ አልበላህም?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «በልቻለሁ።»

«ታዲያ ጥፍሩ ምን አደረገህ?»

ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። ዓይኖቹ እሷ ላይ ትንሽ ቆዩና ወደ በሩ ሸሹ፤ የሆነ ሰው እንዳይመጣበት የሰጋ ይመስል ነበር። እሷ ያኔ ይህን ልብ አላለችም። ዓይኑ ሲያምር ብላ ብቻ አለፈች።

ተውኔቱ የቆየ ነው። አንድ ንጉሥ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ይወስደዋል። ወንድሙ ዳር ላይ ቆሟል፤ እጁን ቢዘረጋ ያወጣዋል። የወንድምየው ሚስት ግን ከኋላው ሆና፣ «ትንሽ ቆይ» ትለዋለች። ይቆያል። ይነግሣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ በጉሮሮው አልወርድ ይለዋል። በወርቅ ጽዋ ይቀዱለታል፤ ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመጨረሻ በዙፋኑ ላይ እንዳለ በውኃ ጥም ይሞታል።

ለወንድምየው ሚና ሁለት ሰዎች ታጭተው ነበር። አንዱ ሸምበቆ ነው። ሌላው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የሚኖሩት ጓደኛው ነጎድጓድ። የነጎድጓድ ድምፅ ማይክሮፎን አያውቅም፤ ሲያስነጥስ አዳራሹ ያጨበጭባል እያሉ ይቀልዱበታል። ፈተናው ከሰዓት በኋላ የነበረ ሲሆን ጋሼ በዋዜማው ወደ ጠዋት አዛወሩትና ሸምበቆን «ለጓደኛህ ንገረው» አሉት።

ጠዋት ነጎድጓድ አልመጣም። ከሰዓት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ እያፏጨ ገባ። ጋሼ ሰዓት የማያከብር ሰው አይወዱም። የሚሰምጠውን ንጉሥ ሚና ወረወሩለት። ዋናው ሚና የሸምበቆ ሆነ፤ የሚስትየው ደግሞ የመርማሪ። የመጀመሪያ ትልቅ ሚናዋ ነበር።

ልምምዱ ተጀመረ። ነጎድጓድ በሰማያዊ ጨርቅ ሥር ተኝቶ እጁን ይዘረጋል፤ ሸምበቆ ቆሞ ያየዋል። የጥሙ ትዕይንት ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሸምበቆ ጽዋውን ሲያነሣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከንፈሩ የእውነት ይደርቃል። ጋሼ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

መርማሪ አላስቻላትም። አንድ ቀን አውቶቡስ እየጠበቁ ጠየቀችው።

«ያን ጥም ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከደራሲው።»

«ደራሲው ‹ጽዋውን ያስቀምጣል› ብሎ ነው የጻፈው። እጁ ይንቀጠቀጣል አላለም።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ካላወቅሽ እንቅልፍ አይወስድሽም!»

«ሁሉን አይደለም። አንተን ነው ማወቅ የፈለግኩት» አለች። ካለች በኋላ ፊቷ ጋለ።

አውቶቡሱ መጣ። ሁለቱም አልተሳፈሩም። ቀጣዩም አለፈ። ሸምበቆ የሆነ ነገር ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው፤ እጇን ብቻ ያዘ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ አብረው ነበሩ፤ በልምምድም፣ በመንገድም፣ በቴአትር ቤቱ ሻይ ቤትም። አንድ ቀን እዚያው ሻይ ቤት ነጎድጓድ አጠገባቸው ተቀምጦ ሸምበቆን ያሠለጥነዋል። «ከሆድህ አውጣው ወንድሜ! ጉሮሮህን አትግደለው።»

መርማሪ ገረማት። «ሚናውን የወሰደብህን ሰው ታስተምራለህ?»

«ምን ወሰደብኝ? ራሴ ጣልኩት እንጂ። ‹ሰዓቱ እንደተቀየረ ተኝተህ ሳለ ነግሬህ እሺ ብለኸኛል› አለኝ። እኔ ስተኛ ሬሳ ነኝ፤ ምን አስታውሳለሁ?»

ሸምበቆን ዞር ብላ አየችው። ብርጭቆውን ወደ አፉ አንሥቶ ነበር። ሳይቀምሰው አስቀመጠው።

በአልባሳት ክፍሉ ውስጥ፣ በተሰቀሉት ካባዎች መሀል ብቻውን አገኘችው።

«ነግረኸው ነበር?»

የአንዱን ካባ እጅጌ ማጠፍ ጀመረ።

«ሸምበቆ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አልነገርኩትም» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ። «ልነግረው ነበር። ጠዋት ስነሣ እነግረዋለሁ አልኩ። ተነሣሁ፤ ሳልነግረው ወጣሁ። ከነገርኩት እንደሚበልጠኝ አውቅ ነበር።» ከዚያ ቀና አለ። «ዛሬ እነግረዋለሁ። አሁን።»

ምረቃው ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ፊቷ ፖስተር ላይ ወጥቷል። እናቷ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርታለች።

«ከምረቃው በኋላ ንገረው» አለችው። «ትንሽ ቆይ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። ስንት ጊዜ የተለማመዱት ቃል ነው! ድምፁ እንኳ ያው ነበር። እሱ መሬት መሬቱን አየ፤ እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ማለዳ የጓደኛሞቹን ክፍል አንኳኳች። ነጎድጓድ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ከፈተላት። ሸምበቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት ያልኩህን ተወው» አለችው። «አሁን ንገረው። እኔም አለሁ።»

ነገረው። አላሳጠረውም፣ አላስረዘመውም። ነጎድጓድ ብሩሹን ከአፉ አወጣ።

«ያን ዕለት ጠዋት ሸሚዜን ስተኩስ አጠገቤ ነበርክ» አለ።

«ነበርኩ።»

«ያምርብሃል አልከኝ።»

«አዎ።»

«ይከተለኛል ብለህ ቀድመኸኝ የሄድክ መስሎኝ እኮ ነው።» ያ ትልቅ ድምፅ ሹክሹክታ ሆነ። «አንድ ነገር ብትለኝ ምን ነበረበት? ብትለምነኝ እለቅልህ ነበር።»

ጋሼ ሲሰሙ ጮኹ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አቀያየሯቸው። ነጎድጓድ በጨርቁ ሥር ተኝቶ እየሰማ ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዶት ነበር። ምረቃው ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ሰመረ። ነጎድጓድ ግን ከጋራ ክፍላቸው ወጣ፤ ከሸምበቆ ጋር ከመድረክ ውጭ ቃል አይለዋወጥም።

ሸምበቆ ከመርማሪም ሸሸ። አንድ ቀን ከትዕይንት በፊት በመተላለፊያው ቆመችበት።

«ምነው የምትሸሸኝ?»

«ለእኔ ስትይ ቆይ አልሽ። የአንቺ ባልሆነ ጥፋት ውስጥ ከተትኩሽ።»

«ለአንተ ስል አይደለም፤ ለራሴ ነው። ፖስተሩ አጓጉቶኝ ነው።» ጠጋ አለችው። «ሁሉን ለብቻህ አትሸከም። የእኔን ድርሻ መልስልኝ።»

ከዚያ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ ረጅም ስለሆነ ብዙ ማጎንበስ ነበረበት።

ቴአትሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ጉዞ ወጣ። በአንዱ ከተማ ነጎድጓድን ጉንፋን ጣለው፤ ያ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። ጋሼ ሸምበቆን «ልበስ» አሉት። ሸምበቆ ግን አልለበሰም። መጀመሪያ ነጎድጓድ ወደተኛበት የሆቴል ክፍል ሄደ።

«አልፈቅድም ካልክ ትዕይንቱ ይቀራል» አለው።

ነጎድጓድ ጣሪያውን አየ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ካባውን ከመስቀያው አውርዶ ሸምበቆን አለበሰውና ቁልፉን እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈለት። ምንም አላለም፤ ቢፈልግም ድምፅ አልነበረውም። ንጉሡን የመብራት ሠራተኛው ተካ፤ ለመስጠም ብዙ ችሎታ አያስፈልግም ተባለ።

የጥሙ ትዕይንት ደረሰ። ሸምበቆ ጽዋውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ደህና ነበር። ግን ጣቶቹ የተንቀጠቀጡት በትወና ነበር፤ ከንፈሩም አልደረቀም። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ እንደ ልምምዱ ጊዜ ግን ያለቀሰ የለም። መርማሪ አጠገቡ ቆማ፣ ጨካኝ መምሰል ሲገባት ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ያኔ የነበረው ነገር የት ሄደ?» አሉ ጋሼ መጋረጃው እንደተዘጋ።

«እንኳንም ሄደ ጋሼ» አለች መርማሪ።

በማግሥቱ አውቶቡሱ ሲነሣ ከነጎድጓድ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሸምበቆ ተቀመጠ፤ ነጎድጓድ አልከለከለውም። መርማሪ ከኋላቸው ሆና ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ልንጋባ ነው» አለው ሸምበቆ። «ከሰው ሁሉ በፊት ለአንተ መንገር ፈለግን።»

ነጎድጓድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዛፎች አለፉ፣ ቤቶች አለፉ፣ አንድ ድልድይ አለፈ።

ከዚያ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ በዚያ በተሰበረ ድምፁ፦

«ቀኑ መቼ ነው?» አለ።