ነገ ትነቃለች

ይህን አንብቦ «ፈጠራ ነው» የሚለኝ ካለ አልፈርድበትም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... በዓይኔ አይቻለሁ።

ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ደሴት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቆርቆሮው በፀሐይ የሚንጣጣበት ሰዓት። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ ወንድሜ ኢንቶይ አራት።

ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቀለም የተነከሩ ጫጩቶች ይሸጡ ነበር። አባታችን አንድ አረንጓዴ ገዛልን። እግሯ ላይ ቀይ ክር አስሬ ግቢውን ሙሉ ጎተትናት። ከዚያ «ቀለሟን እናስለቅቃት» አልኩና ባልዲ ውስጥ ደፈቅኳት።

ስትንፈራገጥ ሳቅን።

ከዚያ ዝም አለች...

ኢንቶይ ማልቀስ ሲጀምር እናታችን ደረሰች። ጫጩቷን ከነክሯ በጨርቅ ጠቀለለቻት።

«ተኝታ ነው የኔ ጌታ። ነገ ትነቃለች።»

በማግስቱ እውነትም አረንጓዴ ጫጩት በግቢው ትሮጥ ነበር። ክሩ ብቻ የለም።

ከሳምንት በኋላ ኢንቶይ የዝናብ ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ማየት አማረው።

«እትዬ፣ በርጩማ አምጪልኝ።»

አመጣሁለት።

በጭንቅላቱ ገባ። እግሮቹ ተንፈራገጡ...

ሳቅኩ።

ዝም ሲል፣ ሲነቃ እንዳይበርደው ፎጣውን አጥፌ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩለትና ልጫወት ሄድኩ።

ከበርሜሉ ያወጡት የኢንቶይ አስከሬን ክዳኑ መስታወት በሆነ ነጭ ሳጥን ሳሎናችን ውስጥ ሰነበተ። አያቴ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ።

«ያን በርጩማ ማን አመጣው? ሰው አለበት» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት፣ መስታወቱ ላይ ሩዝ በትና ቢጫ ጫጩት አስቀመጠች። እኛ ጋ ጫጩት ሳጥን ላይ ስትነቁር የጥፋተኛውን ልብ ትነቁራለች ይባላል።

ጫጩቷ ሩዙን አልነካችም። እኔ ወደቆምኩበት ጠርዝ መጥታ መስታወቱን መታች።

ጠቅ... ጠቅ...

ከመስታወቱ ስር መልስ ሰማሁ።

ጠቅ... ጠቅ...

ደስ አለኝ። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ።

«እማዬ... ሊነቃ ነው።»

«ማን?»

«ኢንቶይ። በርሜሉ ውስጥ ሲተኛ አጠገቡ ነበርኩ።»

እናቴ አፌን በእጇ ያዘች። ጓዳ አስገብታ ለቀቀችኝ።

«ለምን አልተጣራሽም?»

«ጫጩቷም ነገ ትነቃለች ብለሽን ነቃች አይደል...»

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አልነቃችም፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ፓፓያው ስር ቀበርኳት። ያቺ ሌላ ናት፤ ገዝቼ ነው ያመጣኋት።»

ወንድሜ መሞቱ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴም ከዚያ በኋላ ራሷን ይቅር ያለች አይመስለኝም፤ እኔም ራሴን አላልኩም።

ቀበርነው። አባቴ ውሃውን ደፍቶ በርሜሉን አፉን ወደ መሬት ገለበጠው።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ትራሴ አጠገብ ጫጩት ቆማለች። አረንጓዴ። ላባዋ ውሃ ያንጠባጥባል...

እግሯ ላይ ቀይ ክር።

እናቴ አየቻት። ጎንበስ ብላ ክሩን በጣቷ ነካችው።

«በዚህ እጄ ነው የቀበርኳት...»

ከዚያ ከግቢ፣ ከተገለበጠው በርሜል ውስጥ...

ጠቅ... ጠቅ...

እናቴ የኢንቶይን ፎጣ ከሚስማሩ አውርዳ እየሮጠች ወጣች። ተከተልኳት።

«መጣሁ የኔ ጌታ... እማዬ መጣች።»

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ በርሜሉን በሁለት እጇ ቀና ስታደርገው፣ ከስሩ አረንጓዴ ውሃ እየፈሰሰ መጥቶ ባዶ እግሬን ነካው።