ማር የተቀባ አውራ ጣት

ሰው ለፍቅር ሰበብ አያጣም። የዘርፉና የመርዳሳ ሰበብ አንዲት አህያ ነበረች።

አዳማ ያን ጊዜ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ ቤቶች እንጂ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። መርዳሳ ከመቂ በኩል ቅቤና ሌጦ በአህያ እየጫነ ለጣቢያው ነጋዴዎች የሚያደርስ ወጣት ነው። አንድ ቀን ባቡሩ ሲያፏጭ አንዷ አህያው ደነበረችና የአቶ ኃይለየሱስን አጥር ጥሳ ገባች። ልጃቸው ዘርፉ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥታ ነበር። አህያይቱ በመሐሉ ተንከባለለችበት።

«ኧረ በርበሬዬን!»

መርዳሳ እያለከለከ ደረሰ። አህያዋ ስታነጥስ፣ እሱም በተራው ሲያነጥስ፣ ዘርፉ ለመቆጣት የያዘችው ትንፋሽ በሳቅ አመለጣት።

«ማሪን» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ማንን? አንተን ወይስ እሷን?»

«እሷን አሁኑኑ ማሪያት። እኔን ግን አትቸኩዪ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ተመልሼ እመጣለሁ።»

ተመለሰም። በመጣ ቁጥር ይቅርታው ሳይጠየቅ ይቀራል፣ ጨዋታው ግን ይረዝማል። ፍቅር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ዘርፉም መወሰዷን ያወቀችው ከተወሰደች በኋላ ነው። ምስጢራቸውን ከጎረቤቷ ከፋዲላ በቀር ያወቀ አልነበረም። ለፋዲላም የነገራት የለም፤ ፍቅርና ሳል መቼ ይደበቃል!

«ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» ትለዋለች ዘርፉ ከአጥሩ ወዲህ ሆና።

«ክረምቱ ይውጣ።»

«ባለፈው ፋሲካ ይለፍ ብለህ ነበር።»

«አባትሽን ፈርቼ ነው። ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው፤ አንድ ልጃቸውን ለአህያ ነጂ ይሰጣሉ ብለሽ ነው?»

«ሳትጠይቅ ማን ይሰጥሃል?»

አቶ ኃይለየሱስ ከቡልጋ ወርደው አዳማ የከተሙ ከብት አርቢ ናቸው። ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን የኅዳር በሽታ ወስዶባቸዋል። የቀረቻቸው ዘርፉ ብቻ ናት። ይወዷታል፤ ማታ ማታ ግን ከብቶቹ ሲገቡ በረቱን እያዩ ዝም ይላሉ። ዘርፉ ያንን ዝምታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ሰኔ እንደገባ አቶ ኃይለየሱስ ከሽማግሌው ከኦቦ ኢተፋ፣ ከፋዲላ ባል ከጂብሪልና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ሆነው ለከብቶቻቸው ቦሌ ሊያወጡ ሄዱ። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው። የሚገኘውም ወደ አዋሽ በሚወርደው ደረቅ ሸለቆ ጥግ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ ነው። የዋሻው አፍ ዝቅ ብሎ ከሸለቆው ጋር እኩል ነው፤ ሆዱ ግን ሽቅብ ይወጣል። ኦቦ ኢተፋ ሰማዩን አይተው «ነገ ይሁንልን» ቢሉም፣ አቶ ኃይለየሱስ «ከብቶቼ ቦሌ ጠምቷቸዋል፤ በኔ ይሁን» ብለው፣ ችቦ አብርተው ሁሉንም ይዘው ገቡ።

ዘርፉ ምሳቸውን ተሸክማ ስትደርስ ከራሷ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የወረደው ደጋው ላይ ነው። ድምፁን ስትሰማ ባቡር መሰላት። ባቡር እዚህ ምን ይሠራል ብላ ሳትጨርስ፣ ድፍርሱ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣና ዓይኗ እያየ የዋሻውን አፍ ዋጠው።

«አባዬ!»

ምሳውን ጥላ ወደ ጣቢያው በረረች። መርዳሳ ሌጦ ሲያራግፍ አገኘችው።

«አባቴ… ዋሻው…»

ሌላ ቃል አልጠበቀም፤ የጭነት ገመዱን አንሥቶ ሮጠ።

አገሩ ተጠራርቶ ወጣ። ወንዶቹ ድንጋይ እየከመሩ ጎርፉን ሊመልሱ ሞከሩ፤ ውሃው ድንጋዩንም ይዞት ሄደ። ፋዲላ መሬት ላይ ተቀምጣ አላህን ትለምናለች፣ የዘርፉ እናት ወይዘሮ ዘመናይ አጠገቧ ሆነው እመቤታችንን ይማጸናሉ። ዘርፉ መቀመጥ አቃታትና ከዋሻው በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣች። እዚያ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየች።

«ችቧቸው አልጠፋም!» ብላ ጮኸች። «በሕይወት አሉ! እዚህ ቆፍሩ!»

ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ ቆፈረ። ጭሱ የሚወጣበት ስንጥቅ ሰፍቶ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሆነ። ከታች የኦቦ ኢተፋ ድምፅ መጣ፦ «ፍጠኑ ልጆቼ! ውሃው ወገባችን ደርሷል!»

የመርዳሳ የጭነት ገመድ አጠረ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘመናይ ተነሡና «የአልጋችሁን ጠፍር ፍቱ!» አሉ። ያን ዕለት አዳማ ውስጥ ጠፍሩ ያልተፈታ አልጋ ነበር ማለት ዘበት ነው። ዘርፉ የአባቷን አልጋ የፈታችው ከእንግዲህ ይተኙበት ይሆን እያለች ነው። ጠፍሩ ተቀጣጥሎ፣ ተገምዶ፣ ጠና።

«ቀጭን ሰው ይውረድ» ተባለ። መርዳሳ ኩታውን አውልቆ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለዘርፉ ሰጣት። ልብ ያለችው ፋዲላ ብቻ ናት።

«ተመለስ» አለችው ዘርፉ በሹክሹክታ።

«ሽማግሌ ሳልልክ የት እሄዳለሁ?»

ወረደ። እሱ ከታች እያሰረ፣ ከላይ እየተሳቡ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ኦቦ ኢተፋ እየተራገሙ ወጡ፣ ጂብሪል እያለቀሰ ወጣ። አቶ ኃይለየሱስ «እኔ ነኝ ያስገባኋቸው» ብለው የመጨረሻ ሆኑ። ደግሞ ሰውነታቸው ግዙፍ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ተቀረቀሩ። መርዳሳ የዋሻውን ግድግዳ ቧጥጦ ወጥቶ፣ ከሥራቸው ትከሻውን ሰጥቶ ገፋቸው። ወጥተው ሣሩ ላይ ሲዘረጉ ዘርፉ እግራቸው ላይ ወደቀች።

ገመዱ እንደገና ወረደ። ማንም አልያዘውም።

«መርዳሳ!» ብለው ተጣሩ። የተሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው።

ዘርፉ ከአባቷ እግር ተነሥታ የገመዱን ጫፍ ጨበጠች። «ልቀቂው እህቴ፣ ባዶ ነው» አላት ጂብሪል። አለቀቀችም። የማንም ይሉኝታ አልያዛትም። ያን ጊዜ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ገመዱ መዳፏ ውስጥ ተወጠረ።

ከግድግዳው ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ወድቆ ኖሮ፣ ጭቃ ለብሶ፣ እየሳለ ወጣ። ተያዩ።

«እንዲህ ታስጠብቀኛለህ?» አለችው።

«አመሌ ነው፤ ታውቂው የለም?» አለ። ተሳሳቁ፤ እሷ ግን ሳቋ ወዲያው ወደ እንባ ተለወጠ።

እሑድ አቶ ኃይለየሱስ በሬ ጥለው አገሩን ጠሩ። መርዳሳ ታጥቦ፣ አዲስ ኩታ ለብሶ መጣ። በጓዳው በር ሲያልፍ «ዛሬ ኦቦ ኢተፋ ይናገሩልኛል፤ ለምኛቸዋለሁ» አላት። ዘርፉ ከዚያ በኋላ የያዘችውን ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ታስቀምጥ ነበር።

ተበላ፣ ተጠጣ። ኦቦ ኢተፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእሳቸው በፊት ግን አቶ ኃይለየሱስ ተነሡ።

«ሁለት ልጆቼን ቀብሬአለሁ» አሉ። «ይህ ልጅ ለኔ ትከሻውን ሲሰጥ፣ ከሞቱት አንዱ የመጣ መሰለኝ። እናንተ ምስክር ሁኑ። ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ነው! ዘርፉ፣ ማር አምጪ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በዚያ አገር በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ደንብ ነው፤ አባት አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጁ ይጠባል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአብራክ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ይወርሳል፣ ይቀብራል። የቤቱን ሴት ልጅ ግን አያገባም፤ እህቱ ናታ! እንዲህ ያለውን ክብር እንቢ ማለትም ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው።

ዘርፉ የማሩን ቅል ይዛ እንዴት ከጓዳ እንደ ወጣች አታውቅም። አቶ ኃይለየሱስ አውራ ጣታቸውን ነክረው ዘረጉ። መርዳሳ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ። አፉን ግን አልከፈተም።

«ጥባ እንጂ ልጄ» አሉት።



እልልታው ቀጠነ፣ ከዚያም ቆመ። የአቶ ኃይለየሱስ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ። «ቤቴ አነሰህ?» አሉ በዝግታ፤ በረቱን ሲያዩ የሚታይባቸው ያ ሐዘን ዓይናቸው ላይ መጣ።

«አላነሰኝም አባቴ። እንዲያው…» መርዳሳ ቀና ብሎ ዘርፉን አየ፤ ስሟን በአደባባይ እንዳያነሳ መልሶ አቀረቀረ። እሷን ከሚያሳፍር ስድቡን ሊሸከም ቆርጧል። ዘርፉ ይህን ስታይ አንጀቷን በላት።

«አባዬ፣ እኔ ወንድም አልፈልግም!»

ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር አዳማ ሰምታ አታውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ወንድም አልፈልግም። መርዳሳን ነው የምፈልገው።»

ወይዘሮ ዘመናይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። አቶ ኃይለየሱስ ልጃቸውን አዩ፣ የተንበረከከውን አዩ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን አዩ። ማሩ ወደ አንጓቸው መውረድ ጀምሯል።

ጣታቸውን ወደ ገዛ አፋቸው ወስደው ጠቡት።

«ማር መቼም አይደፋ» አሉ። «አንተ፣ ሽማግሌ የሚሆንህ ሰው አጥተህ ነው?»

«እኔ አለሁ!» አሉ ኦቦ ኢተፋ እየተቆጡ። «ከቅድም ጀምሮ ጉሮሮዬን ስጠርግ ማን አስጨረሰኝ!»

«እንግዲያው ሽማግሌ የጠላ ጣሳ ይዞ ጓዳዬ ሥር ተቀምጦ አይጠይቀኝም። ልጄ አንድ ናት። ይውጡና በደንቡ ይምጡ!»

ኦቦ ኢተፋ በኦሮምኛ እያጉረመረሙ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ በሩን ከፍተው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

«ቤቶች!» አሉ ከውጭ።

አቶ ኃይለየሱስ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ አንዴ ዘርፉን፣ አንዴ መርዳሳን አይተው፣ የሴት ልጅ አባት እንደሚያደርገው ጥቂት አስጠበቁ።

«ማነው?» አሉ።